ንፍፊት ሲወጣ እግር ይታያል፤ አንገት ሲያብጥስ?

ልጅ ሆኜ ጎንደር፣ አዘዞ ውስጥ በባዶ እግሬ ኳስ ስጫወት እንቅፋት ያልመታኝ ሳምንት አልነበረም። አውራ ጣቴ ይላጣል። አፈር ይገባበታል። እኔ ግን ዝም እላለሁ፤ ካወራሁ ከቤት መውጣት ይቀርብኛል። በሦስተኛው ቀን ብሽሽቴ ላይ መጀመሪያ ሽምብራ፣ ከዚያ ባቄላ የምታክል ነገር ትወጣለች። ስነካት ታመኛለች። እያነከስኩ ቤት ስገባ አያቴ ብሽሽቴን አትጠይቀኝም። «እግርህን አምጣ» ነው የምትለኝ። ጣቴን ታገኘዋለች። በሞቀ የጨው ውሃ ታጥበውና በንጹሕ ጨርቅ ትጠቀልለዋለች። ብሽሽቴ ላይ ምንም አታደርግም። ጣቴ ሲደርቅ ንፍፊቱም አብሮ ይጠፋል።

አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ግን አንድ ትልቅ ነገር ታውቅ ነበር። ያበጠው ቦታ ሌላ፣ የታመመው ቦታ ሌላ ነው። ንፍፊቱ መልእክት ነው። ላኪው እግር ነው።

ጎንደር ውስጥ ይህን የማያውቅ ቤት ያለ አይመስለኝም። የሚያሳዝነኝ፣ እብጠቱ አንገት ላይ ሲወጣ ይሄው እውቀት ድንገት ይጠፋብናል። ቁስሉ የት እንዳለ አንጠይቅም። «ብርድ ነው»፣ «ምች ነው»፣ «እጢ ነው» እንላለን። ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ እንገዛለን። ካልጠፋ ሌላ እንቀይራለን። አንዳንዱ በጋለ ብረት ያስተኩሰዋል። ወራት ያልፋሉ። የእህቴን ልጅ ያጋጠመው ይሄ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ንፍፊት ውስጥ ምን እንደሚካሄድ መረዳት አለብን። ጉዞውን ያወቀ ሰው አንገትን በሌላ ዓይን ያያል ብዬ አምናለሁ።

ከቀጫጭን የደም ሥሮች ሁልጊዜ ውሃማ ፈሳሽ ወደ ሥጋችን ይሰርጋል። ይህን ፈሳሽ ሰብስበው ወደ ደም የሚመልሱት የሊምፍ ቧንቧዎች ናቸው። እንደ ደም የሚገፋቸው ልብ የላቸውም። የራሳቸው ግድግዳ ይኮማተራል፣ ስንራመድ ደግሞ ጡንቻችን ይጨምቃቸዋል። ፈሳሹ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ውስጣቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈቱ በሮች አሉ። በዚህ መንገድ ላይ ወደ 600 ገደማ ትንንሽ ማረፊያዎች ተደርድረዋል። ሐኪሞች ሊምፍ ኖድ ይሏቸዋል። እኛ ሲያብጡ ነው ንፍፊት የምንላቸው እንጂ ሁልጊዜም አሉ። ባቄላ መሳይ ናቸው፤ አብዛኞቹ በጤና ጊዜ ከአንድ ሴንቲሜትር ያንሳሉ። አንገት፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ ደረትና ሆድ ውስጥ ተሰብስበው ይገኛሉ። እያንዳንዱ የራሱ አካባቢ አለው። የብሽሽቱ እግርን ይሰማል። የብብቱ ክንድንና ጡትን። የአንገቱ ራስን፣ አፍን፣ ጉሮሮን። ከአንገት ግርጌ ያሉት ደግሞ ከደረት የሚመጣውንም ይሰማሉ። ይህቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ተላጠው ጣት። ከአፈሩ ጋር ባክቴሪያ ገብቷል። ቆዳችን ውስጥ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያላቸው ሴሎች ይኖራሉ፤ ዴንድሪቲክ ሴል ይባላሉ። ሥራቸው መቅመስ ነው። በዙሪያቸው ያለውን ሁሉ እየቆነጠሩ ይውጣሉ። የባክቴሪያ ምልክት ካገኙ ጠባያቸው ይለወጣል። የዋጡትን ቆራርጠው ቁራጩን ላያቸው ላይ ይሰቅላሉ። ከነበሩበት ይላቀቃሉ። ሲሲአር7 የሚባል መቀበያም ያወጣሉ። ይህ መቀበያ ልክ እንደ አፍንጫ ነው። ከሊምፍ ቧንቧውና ከንፍፊቱ የሚወጣውን ኬሚካል ያሸታል። ሽታውን ተከትለው ቧንቧው ውስጥ ይገባሉ፤ ከዚያ ከፈሳሹ ጋር ሽቅብ ወደ ብሽሽት። ጉዞው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይፈጃል። የእኔ ንፍፊት እንቅፋቱ በመታኝ ሰዓት ሳይሆን ቆይታ የምትወጣው አንዱ ምክንያት ይሄ ነበር።

እነዚህን ሴሎች ያገኘው ራልፍ ስታይንማን ነው፤ ከዛንቪል ኮን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1973። ለብዙ ዓመት የተቀበለው ሰው ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የኖቤል ሽልማት ሲታወጅለት ከሞተ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። ሸላሚዎቹ መሞቱን አልሰሙም። ቆሽቱን ይዞት ለነበረው ካንሰር ከራሱ ዴንድሪቲክ ሴሎች የተሠራ ሕክምና ጭምር ሲሞክር ነበር። ሽልማቱ ጸናለት። ይህን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ዴንድሪቲክ ሴሉ ብቻውን ግን አይዋጋም። ናሙና ነው የያዘው። ናሙናውን የሚያውቅ ቲ ሴል፣ ማለትም በሽታ የሚዋጋ አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል፣ ያስፈልገዋል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። እያንዳንዱ ቲ ሴል የሚያውቀው አንዲት ቅርጽ ብቻ ነው። አንድን የተወሰነ ቁራጭ የሚያውቁት ከመቶ ሺህ አንድ፣ አንዳንዴ ከሚሊዮን አንድ ቢሆኑ ነው። ያ አንዱ አሁን የት አለ? ጆሮ አካባቢ ይሁን ሆድ ውስጥ ማን ያውቃል? ጣቱን ፈልጎ እስኪያገኝ ቢጠበቅ እግሩ በስብሶ ነበር።

የጎንደርን ቅዳሜ ገበያ አስቡ። ከደምቢያ ጤፍ ጭኖ የሚመጣው ገበሬ የገዢውን ቤት አያውቀውም። ገዢውም የገበሬውን መንደር አያውቀውም። ሁለቱም ግን ገበያውን ያውቁታል። ካልተገናኙ ገዢው ነገ ሌላ ገበያ ይሄዳል። ሰውነታችንም ይህንኑ ነው የሚያደርገው። ናሙናው በሊምፍ ቧንቧ ይመጣል። ቲ ሴሉ በደም ሥር ይመጣል። ንፍፊቱ ውስጥ ይገናኛሉ።

ቲ ሴሎች እንዲህ ከገበያ ገበያ እንደሚዞሩ ለረጅም ጊዜ አይታወቅም ነበር። አንድ እንቆቅልሽ ነበር። ከትልቁ የደረት ሊምፍ ቧንቧ በየቀኑ ወደ ደም የሚገቡት ሊምፎሳይቶች (ቲ ሴልና መሰሎቹ ነጭ የደም ሴሎች)፣ ደም ውስጥ ያሉትን በቀን ብዙ ጊዜ ለመተካት የሚበቁ ናቸው። ታዲያ የት ይሄዳሉ? ብዙ ሰው «ይሞታሉ» ይል ነበር። ጄምስ ጎዋንስ የሚባል ሰው ኦክስፎርድ ውስጥ በአይጦች ላይ ሞከረው። ቧንቧውን ከፍቶ ፈሳሹን ለቀናት ወደ ውጭ አፈሰሰ። የሚወጡት ሴሎች እያነሱ እያነሱ ሄዱ። ሴሎቹን መልሶ ደም ውስጥ ሲያስገባቸው ግን ቁጥሩ አንሰራራ። ስለዚህ እነዚያው ሴሎች ናቸው የሚዞሩት፤ ከደም ወደ ንፍፊት፣ ከንፍፊት ወደ ሊምፍ፣ ከሊምፍ ተመልሰው ወደ ደም። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወጣ። በእኔ እይታ ስለ በሽታ መከላከል ያለንን አመለካከት ከቀየሩት ሙከራዎች ይህን የሚያህል ጥቂት ነው። መሣሪያው ቀላል፣ ጥያቄው ግልጽ።

ወደ ገበያው መግቢያ በርም አለ። ንፍፊት ውስጥ ግድግዳቸው ወፈር ያለ ልዩ የደም ሥሮች ይገኛሉ። በደም እየተወረወረ የሚያልፈው ቲ ሴል እዚያ ሲደርስ ግድግዳውን ይዳብሳል፤ እየተያዘ እየተለቀቀ ይንከባለላል። እየተንከባለለ ሳለ ያንኑ ሽታ ያገኘዋል። ቲ ሴሉም ሲሲአር7 አለውና ነው። ወዲያው ጥብቅ ብሎ ይቆማል። ከዚያ በግድግዳው መሃል ሾልኮ ይገባል። ከእግር የመጣው ዴንድሪቲክ ሴልና ከደም የመጣው ቲ ሴል በተለያየ መንገድ መጡ እንጂ የተከተሉት ሽታ አንድ ነው። ስለዚህ የሚያርፉትም አንድ ሰፈር ነው።

ውስጡ ምን ይመስላል? እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪዎች ከአይጥ በተወሰደ፣ ገና ሕይወት ባለው ሊምፍ ኖድ ውስጥ ሴሎቹ ሲንቀሳቀሱ በልዩ ማይክሮስኮፕ ቀረጹ። ቲ ሴሎች ለአፍታም አይቆሙም። በደቂቃ 10 ማይክሮን ገደማ ይሄዳሉ፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ናት። ቀጥ ብለው ቢሄዱ እንኳ አንዲት ሚሊሜትር ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይወስድባቸዋል። ቀጥ ብለውም አይሄዱ፤ እንደ ድር በተዘረጋ መረብ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። አንድ ዴንድሪቲክ ሴል በሰዓት ከመቶዎች እስከ ሺዎች በሚደርሱ ቲ ሴሎች ይነካካል። የሚያውቀው ካልተገኘ ቲ ሴሉ ግማሽ ቀን፣ ቢበዛ አንድ ቀን ገደማ ቆይቶ ይወጣል። ወደ ሌላ ንፍፊት ይሄዳል። ዕድሜ ልኩን እንዲህ ነው።

ከተገናኙስ? ቲ ሴሉ ይቆማል። ለሰዓታት ተጣብቆ ይቆያል። ከዚያ መባዛት ይጀምራል፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሺዎች ይሆናሉ። አጠገባቸው ያሉት ሌላ ዓይነት ነጭ የደም ሴሎች፣ ቢ ሴሎችም፣ በእነሱ እየታገዙ ጠላትን የሚይዝ አንቲቦዲ የሚባል ፕሮቲን ማምረት ይጀምራሉ። የተባዙት ሲወጡ አዲስ አድራሻ ይዘው ነው። የሽታ መቀበያቸው ተቀይሯል። አሁን የሚያሸቱት የተቆጣውን ሥጋ፣ የተላጠውን ጣት ነው።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው የመውጫውን በር ነው። ደምና ሊምፍ ውስጥ ኤስ1ፒ የሚባል የቅባት ዓይነት ሞለኪውል በብዛት አለ። ንፍፊቱ መሃል ግን በጣም ትንሽ ነው። ቲ ሴል ለመውጣት ወደ በዛበት ይሄዳል። ንፍፊቱ የበሽታ ምልክት ሲደርሰው ግን ሴሎቹ ይህን የሚያውቁበትን መቀበያ ለጊዜው ይሰበስቡታል። መውጫው ተዘጋ ማለት ነው። መግቢያው ደግሞ ይበልጥ ይከፈታል፤ የደም ሥሮቹ ሰፍተው ብዙ ደም ያመጣሉ። ገቢው ይበዛል፣ ወጪው ይቆማል። ያለው ደግሞ ይባዛል። ያቺ ባቄላ የምታክለው ነገር ይቺ ናት። አያቴ ብሽሽቴን አለመነካካቷ ትክክል ነበር። ውስጡ ሰው እንደታጨቀበት ገበያ ነበር።

ይህ በር ንድፈ ሐሳብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ነፍሳት ላይ ከሚበቅል ፈንገስ መነሻነት ፊንጎሊሞድ የሚባል መድኃኒት ተሠርቷል። መልቲፕል ስክለሮሲስ ለተባለው የነርቭ በሽታ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ተፈቀደ። የሚያደርገው መውጫውን መዝጋት ነው። የታማሚው ደም ሲመረመር ሊምፎሳይቶች በጣም ያንሳሉ። አልሞቱም። ንፍፊት ውስጥ ተቆልፎባቸው ነው።

እንግዲህ ወደ አንገት።

የእህቴ ልጅ 14 ዓመቱ ነበር። ከአንገቱ በስተቀኝ እብጠት ወጣበት። አይቆጠቁጥም፣ አይቀላም፣ አያተኩስም። እናቱ መጀመሪያ ቶንሲል ነው አለች። ከአንድ መድኃኒት ቤት ያለ ምርመራ አንቲባዮቲክ ተሰጠው። አልጠፋም። ሌላ ዓይነት ተሰጠው። ሦስተኛም ተጨመረ። ከዚያ አንድ ዘመድ «ይተኮስ» አለ። እኔ የሰማሁት ያኔ ነው። አራት ወር አልፎታል። ልጁ ክብደት ቀንሷል፣ ማታ ማታ ያልበዋል። እብጠቱ አንድ የነበረው ሦስት ሆኗል፤ እርስ በርሳቸው ተያይዘዋል። በዚያው ሳምንት ሆስፒታል ወሰድነው። በቀጭን መርፌ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ቲቢ ሆነ።

እህቴ «ሳል የለውም እኮ!» ብላ አለቀሰች። አልተሳሳተችም፤ ቲቢ ስንል ሳል ነው የምናስበው። ግን ኢትዮጵያ ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፤ ከሚመዘገቡት ታማሚዎቻችን ደግሞ ሲሶ የሚጠጉት ቲቢያቸው ከሳንባ ውጭ ነው። በዓለም ደረጃ ይህ ከስድስት አንድ ገደማ ነው። ከሳንባ ውጭ ካለው ውስጥ በእኛ አገር ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ሊምፍ ኖድ ነው፤ በተለይ የአንገት።

ለምን አንገት? ጉዞውን አስታውሱ። የቲቢ ባክቴሪያ በትንፋሽ ሳንባ ይገባል። ሴሎች ይውጡታል። ችግሩ፣ ሳይሞት ሆዳቸው ውስጥ ይኖራል። ናሙና ብለው የተሸከሙት ሕይወት ያለው ጠላት ነው። ይዘውት በሊምፍ ቧንቧ ወደ ደረት ንፍፊቶች ይሄዳሉ፤ ከዚያም ወደ አንገት ሊሻገር ይችላል። ወደ ገበያው የመጣው ጆንያ ውስጥ ሌባ ተደብቋል። ጉዞውንም ያጓትተዋል። አይጦች ላይ እንደታየው ጉንፋን መሰል ቫይረስ ሲገባ ቲ ሴሎች በሁለት፣ በሦስት ቀን ይነቃሉ። ቲቢ ሲሆን ከሳምንት በላይ ይፈጃል። በሰው ላይ ቲቢ መግባቱን የሚለየው የቆዳ ምርመራ ለውጥ እስኪያሳይ ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። ባክቴሪያው በዚያ ክፍተት ነው የሚደላደለው።

ቲ ሴሎቹ ሲደርሱም አያጠፉትም፣ ይከቡታል። ክበቡ መሃል ያለው ሥጋ ይሞታል፣ እንደ አይብ ይሆናል። ለዚህ ነው የአንገት ቲቢ ብዙ ጊዜ የማያመው፣ የማያተኩሰው፣ ቀስ ብሎ የሚያድገው። የእግር ንፍፊት ያማል፤ ይሄ ዝም ይላል። ዝምታው ነው የሚያታልለን። ቆይቶ ፈንድቶ መግል ያፈሳል። መተኮስ ደግሞ ላዩን አቁስሎ ሌላ ባክቴሪያ ያስገባል እንጂ ወደ ውስጡ አይደርስም። ለቶንሲል የሚሰጡ አንቲባዮቲኮችም ለዚህ አይሆኑም። ከመድኃኒት ቤት ከምንገዛቸው አንዳንዶቹ፣ ፍሎሮኪኖሎን የሚባሉት፣ ቲቢውን ለጊዜው ሸፍነው ምርመራውን ያዘገዩታል። ይሄ ያሳስበኛል፤ እንደ ከረሜላ ነው የምንቀያይራቸው።

ጥሬ ወተት የሚጠጣ ልጅ አንገቱ ያብጣል የሚባል ነገርም አለ። የከብት ቲቢ በወተት ይተላለፋል፤ ወተት አፍሉ። ግን እዚሁ አገር ከታማሚዎች አንገት የተወሰዱ ባክቴሪያዎች ዘረመላቸው ሲጠና ከጥቂቶች በስተቀር የሰው ቲቢ ሆነው ነው የተገኙት። ከሰው በትንፋሽ የመጣ ማለት ነው። ስለዚህ አንገቱ ያበጠ ሰው ሲገኝ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው መኖሩም ይታይ። አያቴ እግር ፈልጋ እንዳገኘችው።

ሌላ የሚያቃጥለኝ ነገር አለ። የእህቴ ልጅ ቲቢ መሆኑ ሲሰማ አንዳንድ ጎረቤት ሳህኑ ይለይ አለ። ቲቢው ሊምፍ ኖድ ላይ ብቻ የሆነ ሰው በትንፋሹ አያስተላልፍም። በሳህንማ ጭራሽ። ሳንባውም መያዙ አለመያዙ ይመረመራል፤ ነጻ ከሆነ ልጁ ከወንድሞቹ ጋር አንድ ትሪ ላይ ይብላ።

የመርፌው ናሙና ሰውን ያስፈራል። ቀጭን ናት፤ ደም ለመቅዳት ከምትገባው ብዙም አትለይም። ናሙናው በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ጂን ኤክስፐርት ባለበት ደግሞ ማሽኑ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ባክቴሪያውን ይለያል፣ ዋናውን መድኃኒት ሪፋምፒሲንን መላመዱንም ይናገራል። ሕክምናው በመደበኛው ስድስት ወር ነው። መጀመሪያ ሁለት ወር አራት መድኃኒት፣ ቀጥሎ አራት ወር ሁለት። በመንግሥት ተቋማት በነጻ ይሰጣል።

ሁሉም ያበጠ አንገት ቲቢ ነው እያልኩ አይደለም። ልጆች ጉንፋን ሲይዛቸው፣ ጥርሳቸው ሲበላ፣ ራሳቸው ላይ ቁስል ሲወጣ አንገታቸው ያብጣል፤ ይሄ የገበያው መደበኛ ቀን ነው፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ይቀንሳል። ሕፃን ክንዱ ላይ የቲቢ መከላከያውን የቢሲጂ ክትባት ከተወጋ በኋላ ብብቱ ውስጥ ትንሽ ነገር ብትወጣም አብዛኛውን ጊዜ ያው የሴሎች ስብሰባ ናት፤ ካደገች ወይም ከፈረጠች ግን ጤና ጣቢያ ትታይ። አሳሳቢው ከወር በላይ የቆየው፣ የሚያድገው፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረው ነው። ከአንገት ግርጌ፣ ከትከሻ ወደ ደረት ከሚዘልቀው አጥንት በላይ ያለችው ደግሞ በማንኛውም ዕድሜ ትመርመር። ያዙልኝ ያልኳት እሷን ነው። ካንሰርም ይህንኑ መንገድ ይጠቀማል። የጡት ካንሰር ቀድሞ ብብት የሚሄደው ቧንቧው ወደዚያ ስለሚያደርሰው ነው።

እኛ አካባቢ ካላ አዛርም አይረሳ። መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው የሚመለሱ ወጣቶች በአሸዋ ዝንብ ይነደፋሉ። ጥገኛ ተውሳኩ ያንኑ የሚውጡት ሴሎች ውስጥ ገብቶ ጣፊያ፣ መቅኒና ንፍፊት ይደርሳል። ጣፊያ ያብጣል፣ ትኩሳቱ አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ2005 አካባቢ ደጋው ላይ ሊቦ ከምከም ውስጥም ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዚህ በሽታ የተለየ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለው። ተቋሙ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ዓላማው ወደ ገጠር የሚወጡ የጤና ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር። አያቴ የምታውቀውንና ላቦራቶሪው የሚያውቀውን የሚያገናኙት እነዚህ ባለሙያዎች ናቸው።

የእህቴ ልጅ መድኃኒቱን በጀመረ በሁለተኛው ወር አዲስ እብጠት ወጣ። እህቴ እያለቀሰች ደወለችልኝ። «መድኃኒቱ አልሠራም፣ ይቁም?» አለች። ነርሷ ግን አረጋጋቻት። በአንዳንድ ታማሚዎች ይሄ የሚጠበቅ ነው። ባክቴሪያው እየሞተ ሲፈራርስ ቁርጥራጩ ይበዛል፣ ሴሎቹም ይበልጥ ይሰበሰባሉ። ሐኪም አይቶት ሕክምናው ሳይቋረጥ ቀጠለ።

እህቴ አሁን እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ልጇን አስቀምጣ አንገቱን በጣቷ ትለካለች። ከዚያ ትደውልልኛለች። መጀመሪያ እንቁላል ነበር። ቀጥሎ ባቄላ ሆነ። ባለፈው እሁድ «ምስር ታክላለች» አለችኝ።